ጋሽ ዘርአይ የማሉት መሐላ

ጋሽ ዘርአይ ምስጢር በማውጣት አይታሙም። ሃያ ዓመት የእድር ዳኛ ሆነው የስንቱን ገመና ሰምተዋል፤ ከአፋቸው ግን አንድ ቃል አልወጣም። በዚህም ትንሽ ይኮሩ ነበር፤ ትንሽ ማለታችን ለጨዋነት ነው።

ሰኞ ጠዋት ካዛንቺስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ሳለ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ሲምረት "ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?" አለቻቸው። ሁለት ቀን እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ፊታቸው ይናገራል። ሲምረት ኑሮ ያስጠላቸው፣ ሞት የተመኙ ሰዎች የሚደውሉበትን ስልክ የምታነሳ ናት። ጋሽ ዘርአይ ሥራዋን አይወዱትም።

"እውነት የደወለውን ሰው፣ ራስህን ልታጠፋ ነው ወይ ብለሽ ትጠይቂዋለሽ?"

"እጠይቃለሁ።"

"ያላሰበውን ብታሳስቢውስ? እንዲህ ያለ ነገር ስሙ አይጠራም፣ ልጄ።"

"ጋሼ፣ ማለቴ፣ ያላሰበው ሰው 'ኧረ በጭራሽ' ይላል፣ በቃ። ያሰበው ግን የሚጠይቀው አጥቶ ብቻውን ከርሟል። ስንጠይቀው ብዙ ጊዜ እፎይ ነው የሚለው።"

ሰልፉ ሁለት እርምጃ ተንቀሳቀሰ። ጋሽ ዘርአይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አንድ ሰው አለ እንበል። ሰፈሩ ፈርሶ ከተነሳ ወዲህ ሰው ይሸሻል። ቅዳሜ መጣና አሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዘውን የእድር ዕቃ ቤት ቁልፍ ሳንጠይቀው አስረከበኝ። ተቀይሞን መስሎኝ ሳባብለው 'ደክሞኛል፣ ባልኖር ይሻላል' አለኝ። ለማንም እንዳልናገር በመድኃኔዓለም አስማለኝ።"

"እርስዎስ ምን አሉት?"

"ተቆጣሁት። አንተን የመሰለ ክርስቲያን እንዲህ ይላል ወይ ብዬ። ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ።"

ሰውየው አስመላሽ ነው፤ የአርባ ዓመት ጓደኛቸው። ስሙን አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳቸው ግን ይቅርታ መጠየቁ ነው።

"እናንተስ የሰው ምስጢር ትጠብቁ የለም ወይ?" አሉ፣ ራሳቸውን ለመከላከል።

"እንጠብቃለን። ግን ድንበሩን ገና ሲጀመር እንነግረዋለን። 'ሕይወትህ አደጋ ላይ ነው ብዬ ካመንኩ ሰው እጠራለሁ፣ ስጠራም አልደብቅህም' እንለዋለን። ቀላል አይደለም፣ ጋሼ። አምኖን የደወለ ሰው ተናዶ ይዘጋብናል። እኛ ደግሞ ልክ ሠራን ወይ ብለን ስንብሰለሰል እንውላለን። ቢሆንም ከሚሞት ተቀይሞን ቢኖር እንመርጣለን።"

"መሐላዬስ?"

"እሱን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ እኔ አላውቅበትም። እኔ የማውቀው ሰውየው ዛሬ ብቻውን መዋል እንደሌለበት ነው። እድራችን ሰው ከሞተ በኋላ በሩጫ ይደርሳል፤ በሕይወት እያለስ ማን ይድረስለት?"

ሲምረት የምትሠራበትን የስልክ ቁጥር ጻፈችላቸው፤ ጋሽ ዘርአይም ከሰልፉ ወጥተው አስመላሽ ወደሚኖርበት ወደ ላንቻ የሚሄድ ታክሲ ያዙ።

አስመላሽ በኪራይ ክፍሉ ብቻውን ነበር፤ ባለቤቱ ገበያ ሄዳለች። ጋሽ ዘርአይ አጠገቡ ተቀመጡ።

"አስመላሽ፣ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?"

አስመላሽ መሬት መሬቱን አየ።

"ለዛሬ ነበር" አለ።

"መሐላዬን አፈርሳለሁ። ለባለቤትህ እነግራታለሁ፣ ሐኪም ዘንድም አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ ከዚህ አልነቃነቅም። ከፈለግህ ተቀየመኝ።"

"ተቀይሜሃለሁ" አለ አስመላሽ እያለቀሰ። "ግን አትሂድ።"

ከሦስት ወር በኋላ ጋሽ ዘርአይ በእድሩ ስብሰባ አዲስ ሐሳብ አቀረቡ። ከሰው የራቀ፣ ኑሮ የመረረው አባል ሲኖር ሁለት ሰው ሄዶ ይጠይቀው፤ አይቆጣው፣ አይስበክበት፣ በግልጽ ጠይቆ ይስማው፤ አደጋ ካየም ብቻውን ሳይተወው ሐኪም ጋ ያድርሰው አሉ። ከአባላቱ አንዱ፣ አቶ ታዲዎስ፣ ተነሥተው "እኛ የተሰባሰብነው ለቀብር ነው። ይህ የእድር ሥራ ነው ወይ?" ሲሉ ጠየቁ።

ጋሽ ዘርአይ ሊመልሱ አፋቸውን ከመክፈታቸው፣ አስመላሽ ከኋላ ወንበር ተነሣ።

"ነው" አለ።