ፀሐይ ያላየ ግንባር

ጠጅቱ ነገር ያላት ቀን ወሬዋን የምትጀምረው ከዝናብ ነው። የሚያውቃት ያውቃል፤ የማያውቃት ጃንጥላውን ይፈልጋል። ያን አርብ ጠዋት፣ በአይሁድ በዓል በሐኑካ ሰሞን፣ እስራኤል አገር፣ ኪርያት ማላኪ ከተማ ከማዕያን ፀጉር ቤት ገብታ ወንበሩ ላይ ዘፍ ስትልም አመሏን አልለቀቀችም።

«እሰይ፣ ዘንድሮስ ዘነበ! ቤኤር ቱቪያ ያለው ፋብሪካችን በር ላይ ውሃው ተኝቶ፣ እኛ ሴቶቹ ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ እንደ ልጅ እየተሳሳቅን ነው የተሻገርነው። አንቺስ ደህና ነሽ፣ ማዕያንዬ? እናትሽስ? ወገቧን ተሻላት? ተመስገን። እንግዲህ ፀጉሬን እንደፈለግሽ አድርጊው፤ ብቻ ወደ ኋላ ይሁን። ግንባሬ ላይ አንዲት ዘለላ እንዳትተዪብኝ፣ አደራ... እኔ ግንባሬ ሲታፈን ራሴን ያመኛል። ሁሉም ሰው እንደዚህ ይመስለኝ ነበር።»

ማዕያን የፀጉር ማስያዣውን በጥርሷ ነክሳለች። እሑድ ያቭኔ የሐብቴ ልጅ ሠርግ ስላለ ሥራ በዝቶባታል፤ የሐብቴ ዘመድ ነኝ የማይል ደግሞ በአካባቢው የለም። ከጠጅቱ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ቆሟል። ከሥሩ ከገዴራ የመጣች ሴት ተቀምጣለች። ፀጉሯ በሙሉ በቢጎዲን ተጠቅልሏል፤ ከፊት ያለው ብቻ፣ እዚህ አገር ፖኒ የሚሉት ግንባር ላይ የሚለቀቀው፣ አልተነካም። እሱም ላይ ትንሽ ፎጣ አስራበታለች። መጽሔት ይዛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጠጅቱ ሴት ልጅ ሻኬድና የዚህች ሴትዮ ወንድ ልጅ ኢታይ ተዋደው ሊጋቡ ቆርጠዋል። ወጉ የወንዱ ወገን ሽማግሌ እንዲልክ ነው፤ የጠጅቱ ቤትም ወንበሩን ወልውሎ ጠበቀ። ሽማግሌው ቀረና ወሬ መጣ። ያመጣችው ጎረቤቷ ሙሉእመቤት ናት። የኢታይ እናት ለቅሶ ቤት ተቀምጣ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ግንባሯ ላይ መስቀል ከተነቀሰች ሴት ጋር ነው የምጋባው? ዘራቸውን ማን ያውቃል?» አለች። የጠጅቱ አያት ቤተ እስራኤል ሆነው ሳለ በክፉ ዘመን ክርስትና ገብተው ነበር፤ ይህን ማንም አልደበቀም። ግንባሯም ላይ መስቀል አለ፣ ሰማያዊ፣ ጥፍር የሚያህል፤ እሱንም አልደበቀችም። ሻኬድ ግን ይኸው ሰሞኑን ከሥራ ትመጣና ክፍሏን ዘግታ ታለቅሳለች። ጠጅቱ አንጀቷ አሯል። እንደ አመሏማ ቢሆን ገዴራ ድረስ ሄዳ በር ላይ ቆማ ትሳደብ ነበር፤ ግን ከተሳደበች ጋብቻው ፈረሰ፣ ልጇም ቀረች። ስለዚህ ሴትዮዋ በምትመጣበት ሰዓት ፀጉር ቤት መጣች።

«ሬዲዮው ጠዋት ‹አስር ዓመቱ ሊያልቅ ነው፣ አዲስ አስር ዓመት ሊገባ ነው› እያለ ሲለፈልፍ ሰማሽው? ፈላስፋ ሁሉ ሰብስበው፣ በፈረንጅ ቆጠራ ሰማንያዎቹ ሲገቡ ምን ነበር፣ ዘጠናዎቹ ሲገቡ ምን ተለወጠ... ለዚህ ፈላስፋ ምን ያደርጋል? ፀጉር ማየት ነው እንጂ! ዘመን ሲለወጥ መጀመሪያ የሚያውቀው የሴት ፀጉር ነው። አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ ትመሰክሪያለሽ።

«አንዲት የማደንቃቸው ሴት አሉ። ማን ናቸው አትበዪኝ፤ አንቺም አታውቂያቸውም። የልጅነትም የእርጅናም ፎቷቸውን በቅርቡ አየሁት። ከየት አገኘሽው ደግሞ አትበዪኝ፤ ዛሬ ፎቶ በስልክ ነው የሚዞረው፣ ልጆች ሲዋደዱ ምን የማያሳዩት አለ! እና ማዕያንዬ... እንዴት ያሉ ሴት መሰሉሽ!»

ጠጅቱ እኩያዋን «እሳቸው» ማለት ከጀመረች ምሱን የሚያገኝ ሰው አለ ማለት ነው። ከካስኩ ሥር ያለችው ሴት ገጽ ገለጠች።

«በሰማንያዎቹ ከሱዳን እንደገቡ ሹሩባው ወዲያው ተፈታ። ፀጉሩ ተነፍቶ፣ ቀፎ አክሎ! ያኔ ሥልጣኔው መነፋት ነበር። ግንባር ላይ ግን ፖኒ። ዘጠናዎቹ ገቡ፤ ያ ሁሉ ወገናችን በአንድ ጊዜ በአውሮፕላን ተጭኖ መጣ። እሳቸው እንግዲህ የቆዩ ሰው ናቸው፣ አስተርጓሚ ሆነው አዲስ ገቢዎቹ ካሉበት ካራቫን ሰፈር እየዞሩ፣ ‹ቅቤ አትቀቡ፣ ይሸታል፤ ሻሽ አትሰሩ፣ ያስንቃል› ይሉ ነበር አሉ። ምክር ነው እኮ! እሳቸው ራሳቸው ቅቤ መቀባት ከተዉ ገና ስድስት ዓመታቸው... ግን ቶሎ መርሳትም ተሰጥኦ ነው፣ ለማንም አይሰጥም። ፀጉሩ በዚያ ጊዜ እንደ ወንድ አጥሯል። ፖኒው ግን አለ።

«ሁለት ሺህ ሲገባ ደግሞ እኛ መጣን፣ የመጨረሻዎቹ መጨረሻ። ያኔ ፀጉር ሁሉ በጋለ ብረት ተገርፎ ቀጥ ያለበት ዘመን አልነበር? የእሳቸውም ቀጥ ብሏል፤ ጫፍ ጫፉ ደግሞ ቢጫ። አያምርም? ያምራል! ፖኒውም አብሮ ቢጫ ሆነ እንጂ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።»

እዚህ ላይ ጠጅቱ የቆየ ነገር ትዝ አላት። የዚያን ዓመት ክረምት ነው ሴትዮዋን እዚህ አገር መጀመሪያ ያየቻት። ገበያ ውስጥ ቲማቲም እየመረጠች ቀና ስትል ፊት ለፊት አየቻት፣ በልጅነት ስሟም በደስታ ጠራቻት። ሴትዮዋ ዘወር ብላ አየቻት፣ ዓይኗ ከጠጅቱ ግንባር ላይ አረፈ፣ ከዚያ በዕብራይስጥ «ተሳስተሻል» ብላ አለፈች። ስድቡስ ስድብ ነው፤ ጠጅቱን እስከ ዛሬ የሚያቃጥላት ግን ያ «ተሳስተሻል» ነው።

«የት ነበርኩ? አዎ፣ ይኸኛው አስር ዓመት። ይኸኛውስ ብሶ! ልጆቹ ነቁና ‹ባህላችን የት አለ?› አሉ። ሹሩባ ክብር ሆነ፣ ሀበሻ ቀሚስ ክብር ሆነ፤ እሳቸውም መቼ ይቀራሉ! ሹሩባ ተሠርተው፣ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ‹ሥር መሠረታችንን አንካድ› ብለው ንግግር አደረጉ፤ ሰው አለቀሰ አሉ። እኔም ፎቶውን አይቼ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ምክንያቱም ማዕያንዬ... አንቺ ንገሪኝ እስቲ፣ ሹሩባ ግንባር የሚገልጥ ሥራ አይደለም? ከፊት ተነስቶ ወደ ኋላ አይደለም የሚሄደው? የእሳቸው ሹሩባ ግን ከነፖኒው ነው! እንዲህ ያለ ሹሩባ ወገራም አላየሁ፣ ጎንደርም አላየሁ።

«ፀጉሩ በየዘመኑ ሲገለባበጥ ፖኒው አንድ! እንዴት ያለ ጽናት ነው! አያቴ ሃይማኖታቸውን በዚህ ጽናት ይዘው ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ለቅሶ ቤት መች እታማ ነበር?»

ማዕያን ማበጠሪያውን እንደያዘች ዞር ብላ ወደ ካስኩ አየች። ካስኩ ይጮሃል። ሴትዮዋ መጽሔቱን ከፍ አድርጋ ፊቷን ሸፍናለች፤ ሽፋኑ ላይ ያለችው ሞዴል በጭንቅላቷ ተዘቅዝቃለች። ጠጅቱ በመስታወቱ ውስጥ ይህን አየችና አንጀቷ ትንሽ ራሰ።

«ልጃቸውማ የተባረከ ነው፤ እሱን ስል ምራቄን እውጣለሁ። ሰላምታው፣ ትሕትናው... ክንዱ ላይ ‹እማዬ› ብሎ በአማርኛ ፊደል ተነቅሷል። የእኛው ቄስ ‹ንቅሳት ለእስራኤል ልጅ ክልክል ነው› ብለው ተቆጡ አሉ። እኔ ግን አዘንኩለት። ልጅ ምን ያድርግ፣ ንቅሳት በዘር ይወርድ እንደሆነስ? እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ እንጃ... ሐኪም መጠየቅ ነው።

«ያልተማርኩ ስልሽ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ መርፌ አውቃለሁ። ወገራ ሳለን አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። ይቺ ሌላ ናት፤ ከእኒያ ትልቅ ሴት ጋር እንዳታምታቺብኝ! ይቺ የእኔ ቢጤ፣ አፍንጫዋ የሚንጠባጠብ። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖቹ ሴቶች ሲነቀሱ እያየች ታብዳለች። ‹ጠጅዬ እንነቀስ፤ ያምርብናል፤ ባዕድ ናቸው ብለው ከጨዋታም አያስወጡንም› ትለኛለች። እኔ ፈሪ ነኝ፤ እሷ ናት በገበያ ቀን እጄን ጎትታ የወሰደችኝ። ነቃሿ አሮጊት መርፌዋን ጥላሸት ነክራ መጀመሪያ የማንን ግንባር ወጋች? የጓደኛዬን። እኔ ስጮህ ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ እሷ ጥርሷን ነክሳ እንባ ጠብ አላላትም። አንድ መርፌ፣ አንድ ጥላሸት፣ አንድ ዓይነት መስቀል። ቤት ስንገባ እናቷ በሎሚ ብታሽ፣ በአመድ ብታሽ... መች ለቆ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፣ ቆዳን ረስተውት ነው።

«ከዚያ ሱዳን ሄዱ። በእግር። እኛ ቀረን። ጎንደር ከተማ ተራ ስንጠብቅ በኖርንበት ዘመን ሁሉ፣ እግዜር ያውቃል፣ እሷን ያላሰብኩበት ቀን የለም። በረሃ በልቷት ይሆን እላለሁ። እህል ጎድሎባት ይሆን እላለሁ። አገር ስገባም መጀመሪያ ያጠያየቅኩት ስለ እሷ ነው። እንጃ... ማንም አያውቃትም። የሞተችም ይመስለኛል።»

ይህን ስትል አሽሙር አልነበረም፤ እንባዋ መጥቶ ነበርና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። በዚሁ መሃል ካስኩ ጊዜው ደርሶ ጸጥ አለ። ሴትዮዋ ፀጉሯ ከደረቀ ቆይቷል፤ ግን አልተነሳችም። ከጠፋው ካስክ ሥር ጭንቅላቷን እንደ ቀበረች ቀረች፣ አንድ እጇ ፎጣዋን ይዞ። ጠጅቱ ካስኩ ሲጮህ ከፍ አድርጋው የነበረውን ድምጿን አሁን ዝቅ አደረገችው።

«ብቻ ምን ልልሽ ነው፣ ማዕያንዬ... ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እኔ ሁልጊዜ የማዝነው ለጅቡ ነው። የድሮ ጎረቤቱ ተከትላው ትመጣለች ብሎ መች አሰበ? እኔ እንኳ እንደዚያ ያለ ባየሁ ቁርበቱን አነጥፍለት ነበር፣ ሙት! ነገር አልወድም። ያቺን ጓደኛዬን ማንም ቢጠይቀኝ አላውቃትም ነው የምለው፤ ‹ተሳስተሻል› ማለትን እዚሁ አገር፣ ገበያ ላይ፣ ከአዋቂ ሰው ተምሬያለሁ።

«አማች ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ነው። አማች ማለት ምን ማለት ነው? ገመና ሸፋኝ ማለት አይደለም? ባዳ የሆነ ሰው አፉን ምን ይይዘዋል፤ ዘመድ ግን ምላሱን ነክሶ ይኖራል። ዘር ይቆጠር ካሉም ይቆጠር፤ ወጋችን ነው፣ ሰባት ቤት እስኪደርስ ይቆጠር! ብቻ ቆጣሪው ከእኛ ግንባር ጀምሮ እዚያው እንዳይቆም። ሰኞ ማታ ቤት ነኝ። ሽማግሌ የሚመጣብኝ ሆኖ አይደለም፣ እንዲያው ወንበር ስለተወለወለ ነው የምልሽ። ሻኬዴም ያን ቀን ከሥራ ቶሎ ትወጣለች። ይኸው ነው፤ ጨረስሽ? ቤሰደር፣ እሺ፣ ያላ ልሂድ፣ እጅሽ ይባረክ!»

ተነሳች። ፀጉሯ ወደ ኋላ ተጎትቶ ግንባሯ ወለል ብሏል፣ መስቀሉም እንዳለ። በመስታወቱ ውስጥ የሴትዮዋን ዓይን ፈለገችና አገኘችው። ቀላ ብሏል። ጠጅቱ ለአፍታ ያቺን የወገራ ልጅ አየቻት፤ አሳዘነቻትም። ግን ሻኬድን አሰበች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፊቷን ወደ ማዕያን መልሳ፣ ሁለት እጇን ለምርቃት ዘረጋች።

«ሰንበት መግቢያ ነው፤ እኒያን ትልቅ ሴት ሳልመርቅ አልወጣም። አሜን በዪ፣ ልጄ። የእስራኤል አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ልጃቸውን ድረው የልጅ ልጅ ለማቀፍ ያብቃቸው። ያም ሕፃን ጉልበታቸው ላይ ተቀምጦ፣ በዚያች ትንሽ እጁ ፀጉራቸውን ገለጥ አድርጎ፣ ዘመድ ሁሉ እያየ፣ ግንባራቸውን ይሳምላቸው።»