ያልተሰማ ስንብት

ከጁባ ታውን ወደ ጀበል በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት የምግብ ቤት ባለቤትና የቀድሞ አስተናጋጇ ነበሩ።

«ሐኪሙ ምን አለዎት፣ እትዬ?»

«የወር አበባዬ ሲቆም የቀነሰው ሆርሞን ጆሮንም ያግዝ ነበር አለኝ።»

«ጆሮን? ምን አገናኘው?»

«እኔም እንደዚያ አልኩት። ተመራማሪዎች አይጥም ላይ ሞክረው አይተውታል አለኝ። ዕድሜውም፣ የምግብ ቤቱ ጄኔሬተር ጩኸትም ተጨምሮበት ይሆናል አለ።»

«አሁን ግን ይሰሙኛል።»

«አጠገቤ ስለሆንሽ ነው። ጄኔሬተሩ እየሠራ ሰው ሲንጫጫ ሁሉም ይቀላቀልብኛል። ደከመኝ፣ ልጄ።»

«እኔ እኮ ስጠራዎት ዝም ሲሉኝ፣ የጠሉኝ መስሎኝ ነው ሥራውን የለቀቅኩት።»

«እኔ ደግሞ ሳትሰናበቺኝ ሄድሽ ብዬ ስንት አዘንኩ።»

«ተሰናብቼዎት ነበር፣ እትዬ።»

መውረጃዬ ንያኩሮን ስንደርስ፣ «ወራጅ አለ» ለማለት ድምፄን ከፍ አድርጌ ወሬያቸውን ማቋረጥ ከበደኝ።