ዘይት መብላት የተወች መኪና

መኪናው ስለተሠራለት ቅር ያለው ሰው አይታችኋል? እኔ ነኝ። አሮጌዋ መኪናዬ ዘይት ትበላ ስለነበር ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ስወጣ ዳገቱ መሐል አቁሜ እጨምርላት ነበር፤ የማቆመው አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ደጅ ላይ ነበር። ልጆቻቸው ሁሉ አዲስ አበባ ገብተዋል፤ እኔንም ቤት የሚጠብቀኝ የለም። «ዛሬም ጠማት?» ብለው መወርወሪያቸውን አስቀምጠው ይመጡና እናወጋ ነበር።

ሞተሯን ካሠራሁ በኋላ ግን ሳልቆም አለፍኩ። በመስታወት ሳይ መወርወሪያቸውን እንደያዙ ብድግ ብለው ቆመዋል። በሚቀጥለው ጉዞዬ ቆምኩና ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን መዘዝኩ። ሽማግሌው ጠጋ ብለው አዩት።

«ሞልቷል እኮ» አሉኝ።

ኮፈኑን ልዘጋ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተወው ልጄ፣ ትንሽ ይብረድላት» ብለው በርጩማ ሊያመጡልኝ ገቡ።