በር ተሳስቶ የገባው አገረ ገዥ
ስለ ሟች ባለቤቴ ደፍሮ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው አዲስ የተመረጠው አገረ ገዥ ነው። የራሳችን ሰዎች ታለቅሳለች ብለው ስሙን አያነሱብኝም፤ እኔ ስጀምርም ወሬ ይለውጡብኛል። የአርባ ቀን ተዝካሩን ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ከተማ በተከራየነው አዳራሽ ስናወጣ፣ ሰውየው ከጎናችን ወዳለው ስብሰባው ሲሄድ በር ተሳስቶ ከረዳቱ ጋር እኛ ዘንድ ገባ። ለተዝካር የመጣን እንግዳ ማን ነህ ብሎ የሚመልስ የለም። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ታደሰ እኔ አጠገብ አስቀምጠው ሰሃን አስያዙት።

“ሥራህ ምንድን ነው?” አሉት፣ በታክሲ ሾፌር እንግሊዝኛቸው።

“ጠበቃ ነበርኩ፤ ከዚያ ምክር ቤት ገባሁ። አሁን አገረ ገዥ ሆኜ ተመረጥኩ።”

“ጎበዝ! መጀመሪያ ምን ልትሠራ አሰብክ?”

“የቤት ኪራይን...”

“መጀመሪያ ብላ!”

ሳቀና በላ። ከዚያ የባለቤቴን ፎቶ አየና ወደ እኔ ዞረ። “ምን ዓይነት ሰው ነበር?”

“ተው እንጂ፣ አታስለቅሳት!” አሉ ጋሼ።

“ጋሼ፣ ይተዉት፤ ይጠይቀኝ” አልኩና ጀመርኩ። ባለቤቴም ታክሲ ነጂ ነበር፤ አንድ ቀን ዴንቨር አየር ማረፊያ ያደረሳቸው አሮጊት ጓንታቸውን ታክሲው ውስጥ ረስተው ሲሄዱ፣ ሊያቀብላቸው ሮጦ እስኪመለስ ፖሊሶች መኪናውን ጎትተው እንደወሰዱበት ነገርኩት።

ጋሼ አላስቻላቸውም። “ጓንት አይደለም! ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ነው የረሱት!”

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። አንዱ ሌላ ታሪክ አመጣ፣ ሌላውም ቀጠለ፤ የባለቤቴ ስም ከአፍ አፍ ዞረ። አገረ ገዥው መቼ ወጥቶ እንደሄደ ልብ ያለ ሰው የለም።