ሐጂ ሱጉሌ ከባሕር ጋር የታረቁበት ቀን

ሐጂ ሱጉሌ ወደ ኤረር ፍልውሃ የመጡት ጉልበታቸውን ለማስታመም እንጂ ከማንም ጋር ለመከራከር አልነበረም። ክርክር ከሰለቻቸው ቆይቷል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቀብሪበያ የከብት ገበያ፣ በግመል ሻጭና በግመል ገዢ መካከል ቆመው ሲያስማሙ የኖሩ ደላላ ናቸው። በዚያ ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ደላላው ከትከሻው ላይ ፎጣውን ያወርድና የሁለቱን እጅ ይሸፍናል፤ ከፎጣው ሥር ጣት ጣትን እየጨበጠ ይነጋገራል፤ ስንት ጣት እንደተያዘ የሚያውቁት ባለ እጆቹ ብቻ ናቸው። መጨረሻ ላይ ሙሉ እጅ ተጨብጦ ጠበቅ ካለ ውሉ ተፈጸመ ማለት ነው። ከፎጣ ሥር የተፈጸመን ውል ያፈረሰ ሰው ዳግመኛ በዚያ ገበያ ሰላምታ የሚሰጠው አያገኝም። ሐጂ አንድም ቀን አፍርሰው አያውቁም።

በዚያ ዐርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ቁርጥማት የያዘውን ጉልበታቸውን እየጎተቱ፣ ዳር ተቀምጠው በጣሳ ሊያፈሱበት ወደ ፍልውሃው ወረዱ። የወንዶቹ ገንዳ አጠገብ ሲደርሱ ግን ባሉበት ቀጥ አሉ። አንድ ወጣት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ በጀርባው ውሃው ላይ ተጋድሟል። አይንቀሳቀስም። ሐጂ የሞተ መሰላቸው። ልጃቸው ዐብዱልቃድር የመን እሻገራለሁ ብሎ ባሕር ላይ ከቀረ ወዲህ፣ ዓይናቸውን በጨፈኑ ቁጥር የሚያዩት ይህንኑ ነበርና።

ወጣቱ ግን ትንፋሹን ለቀቀ፤ ገልበጥ ብሎም ሁለት ሦስት ጊዜ ቀዘፈና የገንዳውን ጠርዝ ያዘ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ዘካሪያ!»

«አዎዌ!» አለ ወጣቱ፣ የሱማሌ ልጅ አያቱን እንደሚጠራው። የደስታ ሳይሆን የተያዘ ሰው ድምፅ ነበር።

ዘካሪያ የሟቹ የዐብዱልቃድር ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር፤ ከእናቱ ጋር ሆነው ያሳደጉት አያቱ ናቸው። ጅጅጋ በቴክኒክ ኮሌጅ መካኒክነት ተምሮ፣ ሥራ ሲያጣ ድሬዳዋ ወርዶ አንድ ጋራዥ ገብቷል። ሐጂ የሚያውቁት ይህን ያህል ነው። በሐጂ ቤት ደግሞ አንድ የማይሻር ሕግ አለ፤ ማንም ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ውሃ ውስጥ አይገባም። ልጆች የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ብርካ አፋፍ ላይ እንኳ አይቆሙም። ሐጂ ራሳቸው ወደ መካ ሲሄዱ፣ አውሮፕላኑ ቀይ ባሕርን እስኪሻገር ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የተጓዙት። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው «አረፍን» ካላቸው በኋላም ወዲያው አልገለጡም።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ዋና እየተማርኩ ነው።»

«ማን ፈቀደልህ?»

ከገንዳው ማዶ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ብድግ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሐጂ። ሀብተየስ እባላለሁ። ከልጁ ጋር አንድ ጋራዥ ነው የምንሠራው። በጉብዝናዬ ዘመን የባሕር ኃይል ሰው ነበርኩ፤ ዋናውን የማስተምረው እኔ ነኝ።»

ሐጂ ሱጉሌ ቢናደዱም ጨዋ ሰው ናቸው። ሰላምታውን በወጉ መለሱ፤ ከዚያ ግን ፊታቸውን ወደ ልጁ አዞሩ።

«ለጋራዥ ሥራ ዋና ምን ያደርጋል?»

ዘካሪያ ከውሃው ወጥቶ ሽርጡን አገለደመና እግራቸው ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «አልዋሽዎትም፣ አዎዌ። ለባሕር ኃይል ተመዝግቤ ነበር፤ ፈተናውን አለፍኩ። ሰኞ ማሠልጠኛ እገባለሁ። ነገ ቀብሪበያ መጥቼ ዱዓ ልጠይቅዎት ነበር።»

«ዱዓውን ብከለክልህስ?»

«ከከለከሉኝ አልሄድም።»

ሐጂን ያደከማቸው ይህ መልስ ነው። ልጁ «እሄዳለሁ» ብሎ ቢያምፅ ኖሮ ተቆጥተው፣ ረግመው፣ ተነሥተው ይሄዱ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ሁሉ በእጃቸው ላይ ወደቀ። ቀስ ብለው ጎኑ ተቀመጡ። እንቢ የሚለው ቃል ምላሳቸው ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሳይመክሩ መከልከል ግን ለሽማግሌ ስለማይገባ ምክራቸውን ጀመሩ።

«ስማ ልጄ። ይህች አገር ባሕር የላትም። ግመል የሌለው ሰው የግመል እረኛ ሲቀጥር አይተህ ታውቃለህ?»

«ባሕር ባይኖራትም መርከብ ግን አላት፣ አዎዌ። የምንበላው ሩዝና ስኳር፣ ጋራዥ የምፈታው ሞተር በመርከብ ነው የሚመጣው። እርስዎ ከግመሉ ሌላ ያሻሻጧቸው በጎችስ በበርበራ ወደብ በኩል ባሕር ይሻገሩ የለም? በጎቹ ወደቡን ካለፉ በኋላ ማን እንደሚጠብቃቸው ጠይቀው ያውቃሉ?»

«በጉ ከተሸጠ በኋላ የገዢው ነው።»

ይህ ለደላላ የሚሆን መልስ ነው፤ ከሐጂ አፍ ሲወጣ ግን ለራሳቸው ጆሮም አልጣመም። ልጁ አልገፋበትም።

«ይሁን፣ መርከቡንስ ተውኩልህ» አሉ። «ይህ ግን ውትድርና ነው። ጅጅጋ ላይ ስንት ዓይነት ወታደር ሲገባና ሲወጣ አይቻለሁ! አንዱ ሲመጣ በራችንን ዘጋን፤ ሌላው ሲመጣም ዘጋን። ሱቅ ሲዘረፍ፣ ቤት ሲቃጠል አይቻለሁ። አሁን ደክሞኛል። ልጅ ያሳደግሁት ለጠመንጃ አይደለም።»

«ውትድርና መሆኑን አልክድም። ቀላል ነው ብዬም አልሸነግልዎትም። ግን በቤቱ የተቀመጠው ሁሉ ከክፉ ነገር ዳነ? እኔ በበኩሌ የሞተር ክፍል እንዲመድቡኝ ነው የጠየቅሁት። እሺ ይበሉኝ አይበሉኝ ገና አላውቅም። ጋሽ ሀብተየስን ይጠይቋቸው፤ እሳቸው ኖረውበታል።»

ሐጂ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። አቶ ሀብተየስ ገንዳውን ዞረው መጡ።

«ሐጂ፣ እኔ ሥራውን ላወድስልዎት አልተነሣሁም። ባሕር ኃይል ወጣትነቴን ወስዷል። ሲፈርስ ደግሞ መርከቡም ወደቡም ቀርቶ እኔ ሜዳ ላይ ወደቅሁ። አገሬን ዓመታት አኩርፌያታለሁ፤ ኩርፊያው አሁንም በደንብ አልለቀቀኝም። ግን ልጆቼን ያሳደግሁት እዚያ በተማርኩት ሙያ ነው። መንገድ ላይ መኪና ቢበላሽ ወርዶ ሌላ መኪና መጠበቅ ይቻላል። ባሕር መካከል ሞተር ቢቆም ግን የት ይወረዳል? ጠግኖ መግባት ነው። እንደዚያ ሆኖ የሠለጠነ ሰው የትም ቢጣል ሥራ አያጣም። እኔ ባሕር ኃይሉ ዳግመኛ ተጀመረ ሲሉኝ ለራሴ አልተደሰትኩም፤ ጊዜዬ አልፏል። የማውቀውን የምሰጠው ልጅ በማግኘቴ ግን ደስ ብሎኛል።»

ይህን ብለው፣ አያትና የልጅ ልጅ ብቻቸውን እንዲነጋገሩ በማሰብ፣ ሸሚዛቸውን አንሥተው ወደ ዛፉ ጥላ ሄዱ። ጨዋነታቸውን ሐጂ ልብ አሉት።

ከዚያ ሐጂ በደከመ ድምፅ ተናገሩ። «ባሕር ከኔ ድርሻውን ወስዷል። አባትህን በልቶ መቃብር እንኳ አልሰጠኝም። የሌላው ሰው ልጅ ሲሞት መቃብሩ ዘንድ ሄዶ ቁርአን ይቀራለታል። እኔ ወዴት ልሂድ? ሁለተኛ ልስጠው ነው የምትለኝ?»

የዘካሪያ ዓይን እንባ አቀረረ። ድምፁን ግን አላነሣም።

«ያኔ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሰው ያስታውሱታል? ከአባቴ ጋር አንድ ጀልባ ላይ የነበረውን?»

«አስታውሰዋለሁ።»

«እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። የተናገረውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ጀልባዋ የተገለበጠችው ዳርቻው በዓይን እየታየ ነው አለ። ዋና የሚችሉት ወጡ፤ የማይችሉት ቀሩ። አባቴ አይችልም ነበር። ያ ሰው ከሄደ በኋላ እርስዎ በዚህ ቤት ማንም ውሃ ውስጥ አይገባም አሉ። አዎዌ፣ ይህን የምለው ልወቅስዎት አይደለም። አባቴ የሞተው ዋና ባለማወቁ ነው፤ እኛም ደግሞ ሳናውቅ አደግን።»

ይህ ስሕተት የሐጂ ብቻ አይደለም። በዚያ አገር ልጅ ያጡ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም የባሕርን ስም ከቤታቸው አስወጥተዋል። ስሙ ባይጠራም ጎረምሶቹ መሄዳቸውን አልተዉም። ፍርሃት የወላጅን ልብ ሲይዝ፣ ልጁን ሊያድነው የሚችለውን ዕውቀት ከገደለው ነገር ለይቶ አያይም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ይረግማል። ሐጂ ሱጉሌ የግመልን ዕድሜ ከጥርሱና ከአረማመዱ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ይህን ግን እስከዚያች ዐርብ ድረስ አላዩትም ነበር። ወይም አይተው ፊታቸውን አዙረዋል።

«እኔም ደክሞኛል» አለ ዘካሪያ። «አብረውኝ ከተማሩት አንዱ ቀኑን ሙሉ ጫት ላይ ነው። ሁለቱ በቦሳሶ ወደብ በኩል ወደ የመን ሄዱ፤ አንደኛው እስከ ዛሬ አልደወለም። የሚያሻግሩት ሰዎች የኔም ስልክ አላቸው፤ በየጊዜው ይደውሉልኛል። እስካሁን ያልሄድኩት እርስዎ ሁለተኛ ጊዜ እንዳያለቅሱ ብዬ ነው። እኔ በማላውቀው ሰው ጀልባ ታጭቄ መሄድ አልፈልግም። ተምሬ፣ ደመወዝ እየተከፈለኝ፣ ሞተሩንም ማዕበሉንም አውቄ መሄድ ነው የምፈልገው። አንድ ቀን እንደ አባቴ ያለ ሰው ውሃ ላይ ሲጮኽ ከሚደርሱለት ሰዎች አንዱ ብሆን ለኔ ይበቃኛል።»

ሐጂ ሱጉሌ «እሺ» ለማለት አፋቸውን ከፈቱ። አልወጣላቸውም። ስንት ዓመት እንቢ ያለ አፍ በአንድ ከሰዓት አይገራም። ስለዚህ የሚያውቁትን አደረጉ፤ ፎጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው የራሳቸውንና የልጁን እጅ ሸፈኑ።

«በዓመት» አሉ፣ ይህችን ቃል ብቻ።

ዘካሪያ በልጅነቱ ገበያ መካከል ጭናቸው ላይ ተቀምጦ ያደገ ነውና ገባው። ሐጂ አራት ጣቱን ጨበጡ፤ በዓመት አራት ጊዜ ቤትህ ትመጣለህ ማለታቸው ነው። ልጁ አንድ ጣታቸውን ያዘ። ሐጂ ሦስት አሉ። ልጁ አሁንም አንድ። ሐጂ ወደ ሁለት ወረዱ። ዘካሪያ ከንፈሩን ነክሶ፣ እንባው እየወረደ፣ ያችኑ አንዷን ጣት ያዘ።

ሐጂ ፊቱን አዩት። ይህ ልጅ መዋሸት ቢፈልግ ኖሮ ሰዓቱ አሁን ነበር። አራት ጣት ጨብጦ፣ ዱዓውን ተቀብሎ፣ ሰኞ መሄድ ይችል ነበር። የማይፈጽመውን ቃል ግን ከፎጣ ሥር አላስገባም። ከክርክሩ ሁሉ ይልቅ የሐጂን ልብ ያሸነፈው ይህ ነው። አንድ ጣቱን ያዙ፤ ከዚያ ሙሉ እጁን ጨብጠው ጠበቅ አደረጉ፤ ለረጅም ጊዜም አልለቀቁም።

ዱዓው ከዚያ በኋላ ያለ ችግር ከአፋቸው ወጣ። «አላህ ይጠብቅህ፤ ለሰው መድኅን ያድርግህ» አሉና ጨረሱ። አቶ ሀብተየስ ከጥላው ሥር ሆነው፣ የሱማሌኛውን ዱዓ እምብዛም ሳይረዱት፣ በራሳቸው ወግ «አሜን» አሉ።

«እስቲ አሁን ግባ» አሉ ሐጂ። «እንደ ቅድሙ ተንጋለል።»

ዘካሪያ ገባና ውሃው ላይ ተጋደመ። ሐጂ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ አዩት። ከባድ ነበር፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አዩት።

ከዚያ ወዲህ በቀብሪበያ ገበያ የማይቀልድባቸው አልነበረም። «ሐጂ፣ የልጅዎ መርከብ በየትኛው አሸዋ ላይ ነው የምትሄደው?» ይሏቸዋል። ሐጂ አይቆጡም። የሚነግሯቸው የሚያውቁትን ነው፦ ልጁ ደመወዝተኛ ሆኖ እናቱን እንደሚረዳ፣ ማንም የማይነጥቀው ሙያ እንደያዘ፣ ከትግራይም ከወላይታም ከመጡ ልጆች ጋር አንድ ማዕድ እንደሚበላ፣ ጫትም የአሻጋሪም ስልክ እንደማያሳስበው። «አገሪቱ ወደብ ብታገኝም ባታገኝም የሱ ዕውቀት እጁ ላይ ነው» ይላሉ። «እናንተም ወንዶች ልጆቻችሁን ዋና አስተምሩ። ባሕር ኃይል ይግቡ አላልኩም። የሚሄድ ልጅ ሳይነግራችሁ ነው የሚሄደው፤ ቢያንስ ዋና ይወቅ።» በመጀመሪያ የሳቁባቸው ሁለት አባቶች ውለው አድረው ልጆቻቸውን ወደ ኤረር፣ ወደ አቶ ሀብተየስ ላኩ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ዒድ ሊደርስ ሲል፣ ሐጂ እንደ ወትሮው ገበያ ውለው አንድ ግመል ሊያሻሽጡ ነበር። ፎጣቸውን ዘርግተው የገዢውን እጅ ሲጠብቁ አንድ እጅ ከጎን ገባ። የሞተር ሥራ ያሻከረው፣ መዳፉ የጠነከረ እጅ ነው። እጁ ምንም ዋጋ አልጠራም፤ የሐጂን አንድ ጣት ብቻ ያዘ።

ሐጂ ሱጉሌ ቀና ብለው ሳያዩ አወቁት። ገዢው «ምን ሆኑ፣ ሐጂ?» ቢላቸው የልጃቸውን ሙሉ እጅ ጨብጠው ጠበቅ አደረጉ፤ የዚያን ቀን ግመሉ ሳይሸጥ ዋለ።