ሂና ያልደረሰበት ሥር

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። በ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. በዳባት ጤና ረዳት ሆኜ ስሠራ ቁጣዬ ብዙ ሰው አስቀይሞብኛል። በዚያው ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ ጾመ ነቢያት ሳይፈታ፣ ከደባርቅ እህል በጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ስመለስ የገጠመኝን ሳስብ ግን የተቆጣሁት አንሶኛል እላለሁ።

ከጆንያው ላይ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ይባላሉ፤ ከደባርቅ ወዲያ ባለ ደብር ድጓ የሚያስተምሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ፈንጠር ብላ ምራታቸው ካሳነሽ የአራት ዓመት ልጇን ዓለምዬን ታቅፋ አንገቷን ደፍታለች። ባሏ ደስታው ሚሊሺያ ተብሎ ከዘመተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ወሬው የለም።

ንፋሱ የልጅቱን ነጠላ ሲገልጠው ፀጉሯን አየሁት። የበቆሎ ፀጉር መስሏል፤ የገረጣ ቀይ፣ ስስ፣ ቀጥ ብሎ የወረደ።

«የኔታ፣ ጉዞው ወዴት ነው?» አልኋቸው።

«አምባ ጊዮርጊስ። ይችን ለአባቷ ላስረክባት ነው» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ምራታቸው እያመለከቱ። «ልጅቱን ጠበል አስገባታለሁ። አየሃት አይደል? እግዜር የሰጣትን ከርዳዳ ፀጉር በሂና አበላሸችባት! ለእኅቷ ሠርግ ከጎረቤት ሂና አምጥታ፣ ለራሷ ተቀብታ የተረፈውን ለሕፃን ቀባች። ይኸው ቀላ፣ ይኸው ተዘረጋ። ባሏ ዘምቶ እሷን ጌጥ ያምራታል!»

«ሂናው መቼ ነው የተቀባው?»

«በግንቦት» አለች ካሳነሽ፣ ድምጿ እምብዛም ሳይሰማ። «ከዚያ ወዲህ አንድ ቀንም አልደገምሁ።»

«እንግዲህ የኔታ ይስሙኝ። ሂና ቅጠል ነው። ፀጉሩን ከላይ ይለብሰዋል፣ ያቀላዋል፣ ጠጠር ያደርገዋል። በየወሩ ቢደጋግሙት ጥቅልሉን ትንሽ ያላላው ይሆናል እንጂ ባንድ ቀን ቅብ ከርዳዳ ፀጉር አይዘረጋም። ገና ያልበቀለውን ደግሞ ከቆዳ ውስጥ ገብቶ አይቀይርም። በኋላ የሚበቅለው እንደ ተፈጥሮው ነው።»

«አንተ ልጅ» አሉ ፈገግ ብለው፣ «በዓይኔ ያየሁትን ልታስተባብለኝ ነው? ጥቁር ነበረ፤ ተቀባች፤ ቀላ። ለዚህ ደግሞ ትምህርት ቤት መግባት ያሻል?»

ምን ይባላል! አንዱ ነገር ከሌላው ቀድሞ ስለ መጣ ብቻ ጥፋተኛ እያደረግን ስንቱን ትዳር አፍርሰናል። መኪናው ዳባት ሳይደርስ ካላሳመንኋቸው ልጅቱ በዚያ ብርድ ጠበል ገብታ እንደማትተርፍ አውቄዋለሁ።

ኬላው ላይ ወታደሮች ጭነት ሊፈትሹ አስወረዱን። ፀሐዩ ደምቆ ነበር። «እስቲ ይምጡ» ብዬ ከልጅቱ ፀጉር አንድ ዘለላ በጣቴ ያዝ ባደርግ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ ዞራም አላየችኝ። ከሁሉ ያስፈራኝ ይህ ነው።

ዘለላውን መዳፋቸው ላይ አኖርሁላቸው። «ሂና የነካው የቱ ነው?»

ወደ ዓይናቸው አቅርበው ቆዩ። «ጫፉ ነው። ጠቆር ያለ ቀይ ነው።»

«ጥቅልል ያለውስ?»

ዘለላውን ገልብጠው አዩት።

«ይንገሩኝ እንጂ!»

«ጫፉ ተጠቅልሏል» አሉ ቀስ ብለው። «የተዘረጋው ሥሩ ነው።»

«ሥሩ ከግንቦት ወዲህ የበቀለው ነው፤ ሂና አልደረሰበትም። ሂናው አበላሽቶት ቢሆን የሚዘረጋው ጫፉ ነበር። ፀጉር ከምግብ ነው የሚሠራ፤ ገንቢ ምግብ ያጣ ልጅ የፀጉሩን ቀለምም ጥቅልልም ያጣል።»

«ምግብ አላጣችም! እግሯን አታይም፣ ወፍራለች እኮ!»

ቅልጥሟን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ለቀቅሁት። ጎድጉዶ ቀረ። «ይህ ውኃ ነው እንጂ ሥጋ አይደለም፣ የኔታ። ምንድን ነው የምትበላው?»

«ቤቱ የሚበላውን። ባቄላውን ውርጭ መታው፤ እንጀራ በበርበሬ ነው።»

«ላም የለዎትም? ዶሮስ?»

«አሉ። ግን ከሰኔ ወዲህ ጾም በጾም ላይ ነው።»

«ሕፃን ይጾማል?»

«አይጾምም። ይህን ለሌላው የማስተምር እኔ ነኝ» አሉ ቆጣ ብለው። «ግን ጾም ሲገባ የፍስኩ ዕቃ ታጥቦ ተከድኖ ይቀመጣል። ለአንዲት ሕፃን ብለን የፍስክ ድስት አናወጣም። የጾሙ ዕቃ ይነካካ እንዴ?»

ጮኽሁባቸው። «ለዕቃ ሲባል ልጅ ትሙት?» ስል ወታደሩ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። እሳቸውም ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ካሳነሽ ቀደመቻቸው።

«አባ» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ። «ቢራራንስ ማን ሂና ቀባው?»

ወደ እኔ ዞረች። «የእሷ ታላቅ ነው። አምና በዐቢይ ጾም እግሩ አብጦ፣ ፀጉሩ እንዲህ ቀልቶ ተዘርግቶ ሞተብኝ። ያን ጊዜ ቡዳ በላው ተባለ። ለወንድ ልጅ ሂና አልቀባሁም።»

መሪጌታ ዘለላውን እንደ ጨበጡ መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። 

«ወተት ይለምነኝ ነበር» አሉ። «ፋሲካ ሲደርስ እሰጥሃለሁ እለው ነበር።»

 ቁጣዬም የት እንደገባ እንጃ።

ዳባት ስንደርስ ከእኔ ቀድመው ወረዱ፤ ልጅቱንም ሊቀበሉ ክንዳቸውን ዘረጉ። «ውረጂ ልጄ» አሏት ካሳነሽን። «ወደ አባትሽ ቤት የሚመልስሽ የለም።»

ዓለምዬ ሳምንታት እኛ ጤና ጣቢያ ቆየች። እብጠቱ ሲወርድ አጥንቷ ብቻ ቀረና እናቷ «ሞተችብኝ!» ብላ ጮኸች። ወተት በጥቂት በጥቂቱ፣ ኋላም እንቁላል እየቀመሰች ራሷ ምግብ መጠየቅ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ለመጣች እናት ሁሉ የምነግረው አንድ ነው፤ በሂና የቀላ ፀጉር አዲስ ሲበቅል ሥሩ ጥቁርና ጥቅልል ነው፤ በረኃብ የሚቀላው ግን ከሥሩ ይጀምራል። ሥሩ ገርጥቶ እግሩ ያበጠ ልጅ ያየ ሰው ማንንም ሳይከስ ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጥ። በጾምም ለልጅ አንዲት ለብቻ የተለየች ድስት የያዘ ቤት ጾሙንም አያፈርስ፣ ልጁንም አይቀብር።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ መሪጌታ በደብራቸው ቆመው ሲናገሩ እኔም ነበርሁ።

«ጾም ልጅ አይገድልም» አሉ። «የልጅ ልጄን የገደልሁት እኔ ነኝ፤ ወተት ቤቴ እያለ ድስት አላወጣም ብዬ። ዛሬ ገብታችሁ ለልጆቻችሁ የብቻ ድስት አስቀምጡ። ረከሰ የሚል ካለ እኔ ጋ ይምጣ።»

ሕዝቡ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ከሴቶቹ በኩል አንዲቱ የአንድ ልጅ ስም ጠርታ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ሌላዋ ሌላ ስም ጠራች።