የማያምኑበትን ቃል ያልተናገሩት አቶ ቶኪዞ ናካኔ

አቶ ቶኪዞ ናካኔ ከአባታቸው ከጨው ነጋዴው ከአቶ ኪሱኬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢሶ በሳካታ ወደብ ተወልደው፣ ትምህርታቸውንም በዚያው አጠናቀው፣ በገበያው የሚዛን ተቆጣጣሪ ሆነው እስከ ጡረታቸው ሲያገለግሉ፣ ዓሣ ሻጮች የሚልኩላቸውን ስጦታ ከነመጠቅለያው እየመለሱ በሐቀኝነት ስማቸውን ያስጠሩ ሰው ነበሩ።

ከወይዘሮ ኩሚኮ ጋር ትዳር መሥርተው ሪዮሄይንና ቺዙን አፈሩ። ምንም የማያምን ጎረቤት እንኳ ለአዲስ ዓመት እንደ አገሩ ልማድ መቅደስ ወጥቶ ለጸሎት ሲያጨበጭብ፣ እሳቸው ቤተሰባቸውን ይዘው እቤት ይቀመጡ ነበር።

ቺዙ በዐሥራ አምስት ዓመቷ ከጓደኛዋ ጋር ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀምራ ክርስትና ልነሳ ብትል፣ ቄሱ በፊርማ ፈንታ የሚመታው የአባት ማኅተም ከሌለ ልጅ አላጠምቅም አሉ፤ አባትም ማኅተማቸውን ኪሳቸው ከተው «ሃያ ሲሞላሽ በራስሽ ማኅተም ታደርጊዋለሽ» ብለው ዘጓት። ወንድሟ በእራት ሰዓት «እመምኔት፣ እስቲ ሩዙን አቀብዪን» እያለ ያሾፍባታል፤ እሷም ታቀብለውና አማትባ ትበላለች።

በዐሥራ ሰባት ዓመቷ የደም ካንሰር ያዛት። በመጨረሻዋ ቀን በረዶ ባቡሩን አግዶ ቄሱም እናቷም መንገድ ላይ ሲቀሩ፣ ሆስፒታል አጠገቧ የነበሩት አባቷ ብቻ ናቸው።

«አባባ፣ ቄስ ከሌለ የማያምን ሰውም ማጥመቅ ይችላል ሲሉ ቄሱ ነግረውኛል። ትንሽ ውሃ አፍስሱብኝና የምነግርዎትን ቃል በሉልኝ» አለቻቸው።

«የማላምንበትን አልናገርም፣ ልጄ። ዋሽቼሽ አላውቅም።»

«እሺ፣ አባባ» አለች። ሳይመሽ አረፈች። ይህን ሁሉ ለእናቷ የነገሩት ራሳቸው ናቸው፤ መዋሸት አያውቁማ።

ወይዘሮ ኩሚኮ በዓመቱ ክርስትና ተነሡ፤ ከዚያም ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከሻይና ከአየር ጠባይ በቀር ሳይነጋገሩ አረጁ። አቶ ቶኪዞ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሰባ ስምንት ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ሪዮሄይን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና ይህን የሚያነበውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተዋል።

በቀብሬ ላይ ጸሎት እንዳይደረግ ብለው ነበር። ወይዘሮ ኩሚኮ ግን «እሱ ልጄን የነፈጋትን እኔ አልነፍገውም» ብለዋልና፣ እባካችሁ እንቁም። አንባቢው ወንድማቸውም እንደሳቸው አያምንም፤ ቢሆንም ቃሉ አፍ ላይ ያን ያህል አይከብድም፦ እግዚአብሔር የቺዙንና የአባቷን ነፍስ በአንድነት ያሳርፍ። አሜን።